ገመድ ላይ የከረመው ሱሪ

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሬሐና፣

አካም ጂርታ፣ ደህና ነሽ ወይ? መልሱን ከሆድሽ ጋር ተማክረሽ ላኪልኝ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሹፌሩ ሀሰኖ አይሱዙውን አስፋልት ዳር አቁሞ የበርበሬውን ጆንያ ሲፈታ እሱም አስነጠሰ፣ እኔም አስነጠስኩ። ወረቀቱን ገልጬ ሳነብ ዓይኔም አፍንጫዬም ይፈስ ነበር። አማቼ ኦቦ ጉደታ ከአጥር ውጭ ሆነው «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አሉ። «በርበሬ ነው አባባ» አልኳቸው። «በርበሬ ያስነጥሳል እንጂ አያስለቅስም» ብለው ሄዱ።

ጥዬሽ ሄድኩ ላልሽው፣ አልጣልሽኝም። አስፋልቱ በድንጋይና በጎማ በተዘጋበት ሰሞን ምጥ ቢይዝሽ ማን ሐኪም ቤት ያደርስሽ ነበር? እናትሽ ጋ መሄድሽ ደግ ነው። ባልሽ የህያም ሱቁን ዘግቶ አብሮሽ መሄዱ ደግ ነው። የሱቁ መስታወት እንደሆነ ይገዛል።

ቤታችንስ ላልሽው፣ ቤታችሁ አለ። ባሌ እውነቱ የበየደላችሁ የግቢ በር እንደ ድሮው ሲከፈት ይጮኻል። ሌባ ቢመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ያሳሰበኝ ሌባ አይደለም። የቀበሌው ዘርሁን ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ይዞራል። ጨረቃ ቤት ሁሉ ባንዴ ስለማይፈርስ ሰው የሌለበት ይቀድማል አሉ። ባዶ ከሆነ ለንግድ የተሠራ ነው ይባልና ኤክስ ይደረግበታል።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ እናንተ እዚህ ናችሁ። የህያ ማለዳ ይወጣል፣ አምሽቶ ይገባል። አንቺ እግርሽ አብጦ ተኝተሻል፣ ሰው አትቀበዪም። ቁልፉን ለእኔ መተውሽ ጠቀመ። ከቁም ሳጥኑ ያገኘሁትን አጥቤ ገመዳችሁ ላይ አሰጣሁት፤ የየህያን ቡናማ ሱሪ፣ ያንቺን አረንጓዴ ቀሚስ፣ አንሶላ። ሲመሽ አወርዳለሁ፣ በማግስቱ ሌላ አሰጣለሁ። የቱን ላስጣ፣ የቱን ልተው? የየህያን ጫማም በር ላይ አስቀምጫለሁ። አንዳንዴ አፉን ወደ ውጭ፣ አንዳንዴ ወደ ውስጥ አዞረዋለሁ። ዘርሁን ትናንት ሲያልፍ ቆም አለና «የሱቁ ሰውዬ አለ እንዴ?» አለኝ።

«ልብሱ ብቻውን አልመጣ» አልኩት።

ለምን አትደውዪም ላልሽው ስልኬ ወድቆ ተሰበረ። የእውነቱም ተበላሽቷል። ደግሞ ሰሞኑን ዘመድ ጥየቃ ላይ ነበርኩ። ሰበታ ሄጄ መጣሁ፣ ከዚያ ሱሉልታም ደረስኩ። አጥንቴ ደክሟል።

እውነቱ ሰላም ብሎሻል።

ደጊቱ

ወረቀቱ ጀርባው ላይ የበር ስዕል ካለበት ይቅር በዪኝ። የእውነቱ የትእዛዝ ወረቀት ነው፣ ሌላ አላገኘሁም።


ከወራቤ ወጣ ብሎ፣ ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደጌ፣

አሰላሙ አለይኩም ብዬ ስጽፍ መልስሽ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ስንት ዓመት አስተማርኩሽ፣ ዛሬም ገልብጠሽ ነው የምትዪው።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል። እናቴ ከአልጋ እንድወርድ አትፈቅድም፣ የህያ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይውላል። ለማን እንደሚደውል እንጃለት።

ያንን የልብስ ነገር ሳነብ እንዴት እንደሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ስስቅ እናቴ ምጡ የመጣ መስሏት ውሃ ልታሞቅ ሮጠች። ለየህያ አነበብኩለት። «እኔ ሳልኖር ሱሪዬ ይኖራል ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

የቱን ላስጣ ላልሽው፣ ሁሉንም አስጪ። ቡናማው ሱሪ የሠርጉ ነው። ወገቡ ከጠበበው ቆየ፣ ግን አይጥለውም። የተጠቀለለውን ነጭ ጋቢ ብቻ ተዪው፣ የአባቱ ነው። መጋረጃውንም አንዳንድ ቀን ግለጪው። እኔን እንደምታውቂኝ ጨለማ ቤት አልወድም፤ ሁልጊዜ ተዘግቶ ካዩት ሬሐና የለችም ይላሉ።

ሬዲዮ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አለ። እናቴ «እልል በይ» አለችኝ። እንግዲህ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል አይደል? ዘርሁንም ብሩሹን አጥቦ ይቀመጣል።

ሱሉልታ ዘመድ እንዳለሽ አላውቅም ነበር። ከተጎራበትን ጀምሮ አንድ ቀን ስሙን አንስተሽ አታውቂም። የማን ወገን ነው?

ለእውነቱ ሰላም በይልኝ። በሩ ሲጮህ ይናፍቀኛል በይው፤ «ግራሶ ቅቡት» ብሎ እንደሚቆጣ አውቃለሁ።

ሬሐና


ቡራዩ፣ የካቲት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሬሐና፣

ሀሰኖ ነግሮኛል፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ይህን ለእናንተ አይባልም ብለሽ እንዳትቆጪ፤ እኔ ሌላ አላውቅም፣ ማርያምም ሰው አትመርጥም። ሉብና ማለት ጥሩ ስም ነው። ለአባባ ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና «ሉቢና» ብለው ያዙት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያርማቸው አልቻለም። የእናንተ ግቢ ያለውን ኮክ እስክትመጣ አንድም ፍሬ ማንም እንዳይነካ አዝዘዋል። ኮኩ ገና አላበበም።

አራስ ነሽና ብዙ አልጽፍም። ለጠየቅሽኝ ልመልስ። ማስተር ፕላኑ አዎ፣ ቀርቷል። ቀይ ቀለሙ ግን አልቀረም። ከእኛ በላይ ካሉት ቤቶች ሁለቱ ላይ ተደርጓል። በናንተ በር በኩል ሲያልፉ ልብሱን አይተው አለፉ። አንሶላሽ በፀሐይ ብዛት በአንድ በኩል ሳስቷል፣ ገልብጬ ማስጣት ጀምሬያለሁ።

የሱሉልታው ዘመድ በእውነቱ በኩል ነው። ሄጄ አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቡናማውን ሱሪ አንዳንድ ቀን እኔ ገመድ ላይ ላስጣው? የእውነቱ ሱሪዎች በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስተዋል፣ ለዓይን አይሆኑም። ማታ ወደ ቁም ሳጥናችሁ እመልሰዋለሁ። የማይሆን ከሆነ ንገሪኝ፣ አልቀየምም።

ሕፃኗን ብርድ እንዳያገኛት። እውነቱ እንኳን ደስ አላችሁ ብሏል።

ደጊቱ


ከወራቤ ወጣ ብሎ፣ መጋቢት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደጌ እህቴ፣

ሱሪውን ውሰጂው። ስለ ሱሪ ፈቃድ አይጠየቅም። ከፈለግሽ ሸሚዝም ጨምሪበት።

ግን እስቲ አንዴ ቁጭ በይና ስሚኝ። የእውነቱን የተበሳሳ ሱሪ ስንት ዓመት በገመድሽ ላይ አይቻለሁ። አንድም ቀን አላፈርሽበትም። እንደውም አንዴ የህያ በነገር ወጋ አድርጎሽ «ይህ ሱሪ ነው ወንፊት?» ሲልሽ «የሠራ ሰው ሱሪ ነው፣ ያንተ ተቀምጦ ነው የሚያልቀው» ያልሽውን ሰፈሩ አልረሳም። ዛሬ ለዓይን አይሆንም ትዪኛለሽ።

ሁለት ስልክ ባንድ ሰሞን አይሰበርም። የትእዛዝ ወረቀቱን እውነቱ እንዴት እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፤ አንድ ቅጠል ለእሳት ማቀጣጠያ ወስደሽበት ያንን ቀን እኔ ቤት ነበር ያመሸሽው። አሁን ሁለተኛ ደብዳቤሽ መጣ፣ ሁለቱም በሱ ወረቀት ነው። ሀሰኖም ነገረኝ። እንዳይነግረኝ ለምነሽው እንደነበር ጭምር ነገረኝ፤ ሰውየው ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም፣ አትቆጪው። የብየዳ ቤቱ በሰንሰለት ተቆልፏል አለ።

እውነቱ የት ነው?

መመለስ ካልፈለግሽ አትመልሺ። ሱሪውን ግን አንዳንድ ቀን አይደለም፣ በየቀኑ አስጪው።

ሉብና ጠግባለች፣ ተኝታለች። ግንባሯ የየህያ ነው፣ ቁጣዋ ያንቺ። ከማን እንደወረሰችው እንጃ።

ሬሐና


ቡራዩ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሬሐና፣

እውነቱ ከታኅሣሥ መጀመሪያ ጀምሮ የለም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ከወሰዱት ሰንብቷል።

አስፋልቱ በተዘጋ ቀን ልጆች ከብየዳ ቤቱ ደጅ ያላለቀ የግቢ በር አንስተው መንገድ ላይ አጋደሙት። በሩ የሱ ሥራ መሆኑን ማንም ያውቃል፣ ይታወቃላ። ብረቱ የማን ነው ሲሉ «የእኔ ነው» አለ። ማን ወደዚህ አመጣው ሲሉ ዝም አለ። እሱን ወሰዱት፣ ስልኮቹንም ወሰዱ። ሰበታ የሄድኩት እሱን ፍለጋ ነው። ሱሉልታም እንዲሁ። በሄድኩበት ሁሉ ስሙን ተናግሬ «እዚህ የለም» ተባልኩ።

መጀመሪያ ነፍሰ ጡር ነበርሽ፣ ቀጥሎ አራስ ሆንሽ። ለአራስ እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም። አሁንም ወተትሽ ቢደርቅ አባባ እኔን ነው የሚወቅሱት። ስለዚህ ጠጪ፣ ብዪ፣ አታልቅሺ።

ሱሪውን የፈለግሁት ወንድ የሌለበት ቤት በር ቶሎ ቶሎ ስለሚንኳኳ ነው። አሁን እየቀነሰ ነው። የናንተ ገመድ ላይ ሸሚዙ፣ የእኔ ገመድ ላይ ሱሪው። የህያ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ቤት ይጠብቃል በይው።

ሌላ ወሬ። ባለፈው ሳምንት ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ሜትር ይዞ መጥቶ የአጥራችሁን ስፋት ይለካ ጀመር። ወጣሁ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ይህ ቤት ይሸጣል ተብዬ ነው።»

«ማን አለህ?»

«ባለቤቱ።»

«የባለቤቱ ሸሚዝ ያውልህ፣ ጠይቀው» አልኩት።

ሰውየው ግራ ገብቶት ሸሚዙን አየ። አባባ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡና የሜትሩን ጫፍ በዱላቸው ረገጡት። «ይህን መሬት ለነዚህ ልጆች የሸጥኩት እኔ ነኝ» አሉት። «መሬት ሽጬ ጎረቤት ነው የገዛሁት። ጎረቤት ደግሞ አይሸጥም። ሂድ!» ሜትሩን ሲጎትት እሳቸው አልለቀቁም፣ ኋላ ጥሎት ሄደ። ሜትሩ እዚህ አለ። እውነቱ ሲመጣ ይጠቅመዋል።

ደላሎቹ ባዶ ቤት የሚሸታቸው እንዴት ነው? ቢሆንም አትስጊ። እኔ እያለሁ አንድም ሰው አይለካውም።

ደጊቱ


ከወራቤ ወጣ ብሎ፣ ግንቦት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደጌ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ተውኩት፣ ደግሞ ጀመርኩት። ስለ እውነቱ የምለው ብዙ ነበረኝ፣ ሁሉም በዱዓ ይለቅ። እናቴ ስሙን እንኳ በትክክል ሳትይዝ በየሶላቱ ታነሳዋለች።

ስለ ሰውየው ልንገርሽ። ደላላ ሸቶት አልመጣም። የላከው የህያ ነው።

ኮረብታው ላይ የሚውለው ለዚህ ነበር። ወረቀት የሌለው ቤት፣ መንገዱ በየወሩ የሚዘጋበት አገር፣ አሁን ደግሞ ሕፃን። «ዛሬ ቢፈርስ ምንም አይተርፈንም፣ ሳይፈርስ እንሽጠው» አለ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ፈርቷል። መስታወቱ ሲሰበር እሱ ውስጥ ነበር፣ ለማንም አልነገረም። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። አትሽጥ አላልኩም፣ ሽጥም አላልኩም። አንቺ አንሶላዬን ገልብጠሽ እያሰጣሽ እኔ እዚህ ዝም አልኩ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ ዝምታዬ ነው።

ኦቦ ጉደታ ያሉትን ስታነቢልኝ፣ ማለቴ ስትጽፊልኝ፣ ለየህያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ተነሥቶ ወጣ። ማታ ራት ላይ «ሜትሩን አልመለሱለትም?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ። የምትዪኝን አደርጋለሁ።

ሬሐና


ቡራዩ፣ ሰኔ 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

ሬሐና፣

ደህና ነኝ።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ ቤቱ የናንተ ነው። ለአባባ አልነገርኳቸውም። ጎረቤት አይሸጥም ብለው ሜትር ቀምተዋል፣ አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው? ይህንን ለመጻፍ የዘገየሁት ተቆጥቼ ነው። አሁን የምጽፈው ቁጣዬ ስላለፈ ሳይሆን ቀን ስለሌለ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደምታውቂው ዝናቡ ገብቷል። ቤታችሁ ውስጡ ሻጋታ ሸተተኝና ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ገደማ ጓዳ ውስጥ እሳት አነደድኩ። ጭሱ በቆርቆሮው ሥር ወጣ። ደስ አለኝ፤ ሰው አለ ያሰኛል አልኩ። ዘርሁን በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ጭሱን አየ፣ ሳቀ።

«ደጊቱ፣ የህያ ክርስቲያን ሆነ እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ረመዳን እኮ ነው። በጠራራ ቀን ምን ያበስላል?»

ሬሐና፣ እኛ ስንጾም በቀን እሳት ይነዳል፤ ለሰዓቱ ወጥ ይደርሳል። ረመዳን መግባቱን አላወቅሁም ብዬ ስልሽ ታምኚኛለሽ? በየዓመቱ የማውቀው አንቺ ሳምቡሳ በአጥር ላይ ስታቀብዪኝ ነበር። ዘንድሮ የሚያቀብለኝ የለም፣ በምን ልወቅ?

ገመዱ ጋ ሄደ። ሸሚዙን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። «ይህ ሸሚዝ ስንት ወር ታጠበ፣ አንድ ቀን አልተለበሰም። አንገትጌው ላይ ላብ የለም። አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ታጫውቺኛለሽ?» አለኝ። አባባ ከበር ላይ ሆነው «ሱቅ ናቸው፣ ማታ ይመጣሉ» አሉ። «አባባ፣ ሱቁም እኮ ተዘግቷል» አላቸው። ቁጣ አልነበረበትም። ብሩሹን ነክሮ የግቢውን በር ትቶ ግድግዳው ላይ ኤክሱን አደረገ። በሩን የተወው የእውነቱ ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል፣ አላውቅም።

ኮሚቴው ከኢድ በኋላ ይመጣል። ባለቤቱ በአካል ቤቱ ውስጥ ካልተገኘ የሚፈርሱት ውስጥ ነው። ከተገኘ ነዋሪ ተብሎ ይመዘገባልና ይቆያል።

ሌላም አለ። ከተወሰዱት አንዱ ተፈትቶ መጥቶ ነገረኝ። እውነቱ በሕይወት አለ። ቆላ አገር ነው ያለው፤ ሩቅ ነው፣ ቤተሰብ ግን ስንቅ ማቀበል ይችላል። ከሰማሁ ጀምሮ በሶ ፈጭቼ ቋጥሬ ተቀምጫለሁ። ግን እኔ ከሄድኩ ሁለቱም ቤት ባዶ ነው። አባባ ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ? ስለዚህ ኮሚቴው እስኪያልፍ አልሄድም። እየለመንኩሽ አይደለም፣ እንድታውቂው ነው። እሸጣለሁ ካላችሁም ቶሎ ንገሩኝ፣ ነገ እሄዳለሁ።

ደጊቱ


ከወራቤ ወጣ ብሎ፣ ሰኔ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደጌ፣

አጭር ነው፣ ሀሰኖ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል።

ኢድን ከእናቴ ጋር አድርጌ በማግስቱ በሀሰኖ መኪና እመጣለሁ። ጋቢና ከሉብና ጋር፣ ከኋላ በርበሬ። የህያ አልመጣም ብሏል። «ብቻሽን ምን ልታደርጊ?» አለኝ። «ቤቴ ልኖር» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። የመንገድ ስንቄን ግን እሱ ነው ያሰረው።

ልብሱን ከገመዴ ላይ አውርጂው። ሉብና የራሷን ይዛ ትመጣለች። በሶሽን አታስቀምጪው፣ እንዳይነቅዝ።

ሳምቡሳ እሠራለሁ። ዘግይቷል፣ ግን እሠራለሁ።

ሬሐና


ቡራዩ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደጌ፣

ደብዳቤሽ በሀሰኖ ዘመድ በኩል ደረሰኝ። ወረቀቱ ከሱቅ የተገዛ መሆኑን ሳይ ገና ሳላነበው ደስ አለኝ።

በሽቦው ማዶ አየሁት ላልሽው፣ ከስቷል ላልሽው፣ ሰውነት ይመለሳል። ዋናው ዓይንሽን አይቶ ማወቁ ነው። «በሩን ግራሶ ቀቡት ወይ?» ብሎ መጠየቁን ለኦቦ ጉደታ አነበብኩላቸው። እሳቸውም «ልጄ ደህና ነው» አሉ። እውነቱ ሰላም ብሎሻል ብለሽ ያኔም ጽፈሽልኝ ነበር። የዛሬውን አምኛለሁ። አንቺም ሰላም በይልኝ። ግራሶ አልቀባንም፣ አንቀባምም በይው።

ደግመው ለጥየቃ እስኪጠሩሽ እዚያው ቆዪ። ስለ ቤትሽ አታስቢ።

ኮሚቴው እንዴት አለፈ ላልሽው፣ አንቺ አውቶቡስ በተሳፈርሽ በሁለተኛው ቀን መጡ። ዝናብ ይጥላል፣ እኔ ሉብናን አዝዬ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ኦቦ ጉደታ ከጎኔ ጃንጥላ ይዘው። ጃንጥላው እሳቸውንም እኔንም አልሸፈነም፣ የሸፈነው አጠገባችን ያለውን ኮክ ነው። ዘርሁን እኔን አየ፣ ልጅቷን አየ። በቀጥታ ወደ ገመዱ ሄደ። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር የሉብናን ጨርቆች አስጥቼ ነበር። አንዱን ያዘው፣ አሸት አደረገው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ያቺ ልጅሽ ሳሙና የማይበግረው ሽንት ነው ያላት።

«ይሄኛው ተለብሷል» አለ።

ኮሚቴው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊዋ እየሳቀች ስሜን ጻፈች፤ ነዋሪ አለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ኤክስ አጥፉልኝ ስላቸው ዘርሁን «ዝናቡ ያጥበዋል» አለኝ። ዝናቡ አላጠበውም። ስለዚህ ለዘንድሮ ቆየን ማለት ነው፤ ለከርሞ አላህ ያውቃል። ሰሞኑን መንገዱ ደግሞ ተዘግቶ ነበር፣ ኢንተርኔትም ጠፍቶ ነበር። ኦቦ ጉደታን እኔ ቤት ነው ያሳደርኳቸው። ሉቢና ሲሏት ዞራ ማየት ጀምራለች፣ እንግዲህ ስሟ ይኼው ሆነ።

ያንቺን ቤት እንዳስተማርሽኝ ይዤዋለሁ። ማለዳ በርሽን እከፍታለሁ፣ ሲመሽ መብራት አበራለሁ። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ በማለዳ እሳት አላነድም፣ ጾምሽን አውቃለሁ። ገመድሽ ላይ ቀሚስሽ፣ ነጠላሽ፣ ከጎኑ ቡናማው ሱሪ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የህያ ከትናንት በስቲያ መጣ። ሀሰኖ አልነገረኝም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ነገር አደረ። በሩ ሲጮህ ነው የሰማሁት። ሻንጣውን ይዞ ግቢው መሐል ቆመ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሉብናን ተቀበለኝ። ስለ ሽያጩ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ኦቦ ጉደታ መጥተው ጨበጡትና «ሜትር ብትፈልግ እኔ ጋ አለ» አሉት። ደጌ፣ ለካ ያውቁ ነበር! የህያ ጫማውን ሲያይ ቆየ።

ምሳ ከበላን በኋላ የረጠበ ልብሱን ሊቀይር ቁም ሳጥኑን ከፈተ።

«ቡናማው ሱሪዬስ?»

«ሥራ ላይ ነው» አልኩት።

በመስኮቱ ወደ ግቢሽ አየ። ዝናቡ እየበረታ ነበር፣ ሱሪው ገመድሽ ላይ ከብዶ ተንጠልጥሏል። የሚቆጣ መሰለኝ። እሱ ግን ጃኬቱን ከሻንጣው አወጣ፤ ለኢድ የሚለብሰውን፣ አንድ ለእናቱ የሚሉትን። ሸሚዙ እንደረጠበ በአጥሩ ዙሮ ገብቶ ከሱሪው ጎን ሰቀለው። እጅጌዎቹን ሁለት ሁለት መቆንጠጫ አደረገላቸው።

«የህያ፣ ዝናብ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ይርጠብ» አለኝ። «ደረቅ ልብስ ማን ያምናል?»

ሬሐና